የራዶሳቭ ልብ በምን ፈጠነ?

ዛጎርካ ከዘንቢሏ ፔርሙዝ አውጥታ የቡና ስኒ ሞላችና የራዶሳቭ መቃብር ራስጌ አስቀመጠችው። ሁለት ስኳር ጨምራ አማሰለችው። የሟች ሚስት ስታኖይካ ዓይኗ ስኒው ላይ ተተክሎ ቀረ።

በዚያ መንደር በሰባተኛው ቀን ለሟች መቃብሩ ላይ የሚቀርብለት የሚወደው ነገር ነው፤ ያውም እንደሚወደው ተደርጎ። ስታኖይካ የፕለም አረቄና አይብ ይዛለች። ቡና ግን አላመጣችም፤ ራዶሳቭ "ቡና በዞረበት አልዞርም" ብሎ ምሎ ከተገዘተ ሁለት ዓመቱ ነው። ታዲያ ይቺ ባሏ ቀድሞ የሞተባት ጎረቤቷ ዛጎርካ ሁለት ስኳር መሆኑን ማን ነገራት?

"አየሽ አይደል?" አለች የሟች እህት ድራጊንያ፣ በክርኗ ጎሸም አድርጋት። "እኔ እህቱ እንኳ የስኳሩን ልክ አላውቅም።"

"ዝም በይ፤ ቄሱ ይሰማሉ።"

 

ከሁለት ዓመት በፊት፣ የራዶሳቭ ልብ መፍጠን ሲጀምር የመረመረው ሐኪም፣ "ልብ በብዙ ነገር ይፈጥናል" ብሎ ነበር። "በቡና፣ በሲጋራ፣ በአረቄ፣ በእንቅልፍ እጦት፣ በደም ማነስ፣ በእንቅርት፣ በፍርሃት፣ በጭንቀት። ምርመራው እስኪያልቅ ቡናውን ይተው።" አረቄ ያለውን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው፤ እዚያ አገር አረቄ መድኃኒት ነው። ስታኖይካ ከዚያ ሁሉ ይዛ የተመለሰችው ቡናን ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ራዶሳቭ የዛጎርካን አጥር ልጠግን ብሎ ወጥቶ አመሻሽ ላይ ሲመለስ፣ ስታኖይካ ደጃፍ ላይ ጠብቃ መዳፏን ደረቱ ላይ ታሳርፋለች። ልቡ ድው ድው ይላል።

"ጠጥተሃል።"

"ኧረ አልጠጣሁም።"

"ታዲያ ምንድን ነው እንዲህ የሚያስጋልበው? ቡና ካልሆነ እሷ ናት።"

ራዶሳቭ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ባለፈው ሳምንት ፕለም ሲለቅም ዛፉ ስር ወድቆ ሞተ፤ ልቡ ነው ተባለ።

ከመቃብር መልስ ለለቀስተኛው ግቢ ውስጥ ገበታ ሲቀርብ፣ ስታኖይካ ዛጎርካን ጓዳ አስገባቻትና አግዳሚው ላይ ከተደረደሩት ሳህኖች አጠገብ ተቀመጠች። ዛጎርካ እንደቆመች ቀረች።

"ባሌን በቡና ገደልሽው" አለቻት ድምፅዋን ሳታነሳ። "ሌላም ነገር ካለ አሁኑኑ ንገሪኝ።"

ዛጎርካ ጥቁር ሻሿን አስተካከለች። "ገብስ ነው" አለች።

"ምኑ?"

"ቡናው። የተቆላ ገብስ ነው። ሐኪም እንደከለከለው ሰምቼ የለ? እሱ ራሱ ቡና እየመሰለው ነው የጠጣው። ስኳሩን የማበዛው እንዳይነቃብኝ ነው። ስለ እናቱ ያወራል፣ ስለ ንቦቹ ያወራል። አንዳንዴም ያለቅሳል።"

"ውሸትሽን ነው። ገብስ ልብ አያስጋልብም። በዚህ እጄ ነው የዳሰስኩት።"

"ይቅርብሽ፣ እህቴ።"

"ተናገሪ።"

"እኔ ጋ ደህና ነበር። ልቡ መጋለብ የሚጀምረው ሊሄድ ሲነሳ ነው። 'አሁን ደጅ ቆማ ትጠብቀኛለች' ይላል። ኮቱን ሲቆልፍ አዝራሩን ያዛባል።"

ስታኖይካ መዳፏን ገልብጣ አየችው።  ሐኪሙ ፍርሃትም ብሎ ነበር፣ ጭንቀትም ብሎ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ልቡን ስትዳስስ፣ በልቡ ያለውን አንድም ቀን አልጠየቀችውም።

ድራጊንያ በሩ ላይ ብቅ አለች። "እህ፣ አመነች?"

"ሂጂ፣ እንግዶቹን አስተናግጂ" አለቻት ስታኖይካ።

ድራጊንያ እያጉረመረመች ሄደች። ዛጎርካም ልትከተላት ዘንቢሏን አነሳች።

"ስለ እናቱ..." አለች ስታኖይካ፣ ቀና ብላ ሳታያት። "ምን ነበር የሚለው?"

አግዳሚው ላይ ያሉትን ሳህኖች ጭኗ ላይ ሰበሰበችና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።