ሰማያዊው ክዳን

"ውሃ? የምን ውሃ?" ማርሊስ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። "ስማ ኩርት፣ በልጅነትህ ቤተ ክርስቲያን ቁጭ አድርጌ ያስተማርኩህ እንድትዋሸኝ አይደለም።"

የጋራዡ ኃላፊ ኩርት ፀጉሩ ገብስማ ቢሆንም እንደ ተማሪ አንገቱን ደፋ። "እኔ አይደለሁም ማርሊስ፣ ኩባንያው ነው። በትራክተራችሁ የጭስ ማጣሪያ ፈሳሽ ውስጥ ውሃ ተገኝቷል። ውሃ ከገባበት ደግሞ ዋስትናው አይሸፍነውም ይላሉ።"

"ፈሳሹን የሞላኸው አንተ ነህ! እዚሁ ጋራዥህ ውስጥ!"

ማርሊስ ከልቧ ነበር የተቆጣችው። ትራክተሩ ከጋራዥ ከወጣ ወዲህ እሷም ሆነች ባሏ ቨርሊን ፈሳሹ የሚሞላበትን ሰማያዊ ክዳን ነክተውት አያውቁም። የተበላሸው ማጣሪያ ዋጋ ደግሞ አይቀመስም። ዋስትናው እምቢ ካለ የሚሄደው ወጥ ቤቷን ለማደስ ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው። የቁም ሳጥኑ በር አልገጥም ብሎ በገመድ ከታሰረ ስንት ዘመኑ! ስለዚህ ይግባኝ አለች፤ ኩባንያውም ተቆጣጣሪ እልካለሁ አለ።

በዚያ ጸደይ ቨርሊን ልቡን ተቀዶ ሆስፒታል ሲተኛ ጎረቤቶቹ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ስንዴውን ዘርተውለታል። የአሜሪካዋ ሰሜን ዳኮታ ሰው እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ታመመ ተብሎ መሬት ጦሙን አያድርም። ጎረቤታቸው ዴልማርም መጥተው ነበር። ሰማንያን አልፈዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ መሪ የሚያስጨብጣቸው ጠፍቶ በትራክተሮቹ መሃል ወዲያ ወዲህ ሲሉ ዋሉ።

ተቆጣጣሪዋ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት ዴልማር በሽተኛውን ሊጠይቁ ብቅ አሉ። ማርሊስ ኬክ ትቆርጥላቸው ጀመር።

"ትራክተሩስ እንዴት ነው?" አሉ።

"ቆሟል። ነገ ከኩባንያው ጋር ልንተናነቅ ነው።"

"ልክ ልካቸውን ንገሪያቸው! እኔ እንኳ የሚገባውን አድርጌለት ነበር። ስንዴው በተዘራ ቀን የትራክተራችሁ መብራት ቦግ ሲል ልብ ያለው ሰው የለም። ውሃ ጠማው አልኩና ሰማያዊውን ክዳን ከፍቼ ሞላሁለት። የቧንቧ ውሃ እንዳይመስልሽ ታዲያ! የቧንቧ ውሃ ራዲያተር ያዝጋል። ያጠራቀምኩት የዝናብ ውሃ ነው፣ ለራሴ ትራክተር እንኳ የምሰስተው።"

ማርሊስ ቢላዋውን እንደያዘች ቀረች። የሽማግሌው ፊት በኩራት በርቷል። ያን ቀን የሠሩት ሥራ ይኸው ብቻ ነበር።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ትልቁን ቁራሽ ሰጠቻቸው።

እንደሄዱ ለቨርሊን ነገረችው። የተሰፋ ደረቱን በእጁ ደግፎ ሳቀ።

"የዝናብ ውሃ ነው?"

"የዝናብ።"

"እንግዲያው ካላቸው ሁሉ ምርጡን ነው የሰጡን። ነገ ምን ልትይ ነው?"

"እንጃ።"

በማግስቱ ጋራዥ ውስጥ ተቆጣጣሪዋ ነገሩን አዳምጣ ወደ ማርሊስ ዞረች። "እውነትዎን ነው። ፈሳሹን የሞላው ጋራዡ ነው፤ ኪሳራውንም እሱ ይችላል።" የኩርት ፊት አመድ መሰለ። ማርሊስ የመጣችበትን አግኝታለች፤ አመስግኖ መሄድ ብቻ ነበር የቀራት።

"አይደለም" አለች። "ውሃው የገባው በእኛ ግቢ ነው። ኩርት፣ ያለ ጥፋትህ ነው የጮህኩብህ፣ ይቅር በለኝ።"

"ማን ጨመረው?" አለች ተቆጣጣሪዋ። "ሌላ ሰው ከሆነ ስሙን ይንገሩኝ፤ የእሱ ኢንሹራንስ ይከፍላል፣ እርስዎ አይጎዱም።"

"በእኛ ግቢ አልኩሽ እኮ።"

"የጠየቅኩት ስም ነው።"

"እኔም መልሻለሁ።"

እንዲህ ያለችን ሴት አለማድነቅ አይቻልም። ስትጮህለት የከረመችውን ነገር እጇ ከገባ በኋላ መለሰችው፤ ወጥ ቤቷም እንደነበረ ቀረ። ኩርት እስከ መኪናዋ ሸኝቶ በሩን ከፈተላት። ለዚያ አገር ሰው ይህም ብዙ ነው።

በሚቀጥለው ጸደይ ዴልማር ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው መጡ። ማርሊስ ቨርሊንን ጨቅጭቃ አሮጌውን ትራክተር ከጎተራ አስወጥታ ነበር፤ እሱ ሰማያዊ ክዳን የሚባል አያውቅም።

"ውሃውን እዚህ ይጨምሩልኝ" አለች ራዲያተሩን እያሳየች። "ከዚያ የመንገድ ዳሩን ማሳ ይዘሩልኛል።"

"እኔ?"

"ታዲያ ማን?"

ዴልማር እየተንጠላጠሉ ወጡና መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ። "እነዚያን የኩባንያ ሰዎችስ ልክ ልካቸውን ነገርሻቸው?"

"እነሱ ናቸው ትክክል የነበሩት።"

"ኤዲያ! እኔ ብሆን አለቃቸውም ነበር!" ብለው ሞተሩን አስነሱ።

ስንዴው ሲበቅል መስመሩ ተጠማዞ ወጣ። በዚያ አገር የመንገድ ዳር መስመር ከጠመመ ጉድ ነው፤ አላፊ አግዳሚው መኪናውን እያዘገመ ይስቃል። ማርሊስ ግን ይስተካከል ቢሏትም አንዷንም መስመር አላስነካችም።

አንድ ቀን ኩርት መኪናውን አቁሞ ወረደ። "ማርሊስ፣ ኧረ ይህን ማን ነው የዘራው?"

"በእኛው ግቢ ነው የተዘራው" አለች።

ኩርት ሊስቅ አፉን ከፍቶ ተወው። ማሳውን አየ፤ ከማሳው ማዶ ያለውን የዴልማርን ቤት አየ፤ ከጣሪያው ሥር የተደረደሩትን የዝናብ ውሃ በርሜሎችም አየ። ያን ጊዜ ያልነገረቻቸው ስም የማን እንደሆነ ገባው። ኮፍያውን አወለቀላት።