የዳትሰኗ ትንፋሽ

ሊገዛት የመጣው ሰው ኮፈኗን እንኳ አላስከፈተም። ረጅም አፍንጫዋን፣ ክብ ክብ መብራቶቿን፣ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ የሚወርደውን ጣሪያዋን ዞር ዞር እያለ አየና ጥቁር አረንጓዴ ገላዋን በመዳፉ ዳሰሰ። የመኪና ቀለም ቤት ስላለው ሰፈርተኛው ባለቀለሙ ይለዋል።

«ሞተሯ አያሳስብዎት ጋሼ» አለ። «እሱን አውጥቼ ዘመናዊ እከትባታለሁ። እኔ የፈለግኩት ቁመናዋን ነው።»

ዳትሰኗን የሚሸጠው አባት የኮፈኗን ጠርዝ በጨርቅ ጠረገ። ሴት ልጁ የጋራዡ በር ላይ ቆማ ነበር። ቁመናዋን ብቻ። ቃሉን ለራሷ ደገመችው።

«ቅዳሜ ጠዋት ና» አለ አባቷ በመጨረሻ። «ቁልፏን ትወስዳለህ።»

መኪናዋ ዳትሰን ዜድ ናት፤ ከልጅቷ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ሁለት በርና ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ መሪዋ በቀኝ የሆነ፣ ስድስት ሲሊንደሮቿ በአንድ ረድፍ የተሰለፉ የጃፓን ፈጣን መኪና። አባት ሲያገኛት የሰው ጓሮ ውስጥ ዶሮ ሰፍሮባት ነበር። ብረቷን ራሱ አቃና፤ ሞተሯን ፈታትቶ ገጠመ፤ የወንበሯን ልብስ እናት ሰፋችላት። ልጅቷ በእግሯ መሄድ ሳትጀምር በእሷ ነው የሄደችው እያለች እናቷ ትቀልዳለች።

መንዳትም የተማረችው በእሷ ነው። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ሲቀመጡበት እግር ወደ ፊት ይዘረጋል፣ መንገዱም ቅርብ ይሆናል። መሪው ላይ እጅ ሲያርፍ ጎማው የረገጠው ጠጠር ሁሉ ጣት ላይ ይሰማል። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት እንኳ ድምፅዋ የሚጠፋባት ልጅ፣ እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የሚናገርላት ሞተር ነበራት። ይህንን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለአባቷም ቢሆን።

አባቷ ዕድሜውን የጨረሰው በካርቡሬተር ነው። በጋራዦቹ መንደር ጋሽ ጆሮ ይሉታል፤ መታወቂያው ላይ ያለውን ስሙን ከሚስቱ በቀር የሚያስታውስ የለም። ዳትሰኗ አየርና ነዳጅ የሚቀላቅሉላት ሁለት ካርቡሬተር አላት፤ ሁለቱ እኩል አየር ካልሳቡ ሞተሩ ሰላም የለውም። ሌላው መካኒክ አንድ የጎማ ቱቦ ይዞ በየተራ ያዳምጣቸዋል። አባቷ ግን የራሱ አሠራር ነበረው። በመኪናዋ ግራ በኩል ሞተሩ ላይ አጎንብሶ፣ ከፊተኛው የሚመጣውን ቱቦ በግራ ጆሮው፣ ከኋለኛው የሚመጣውን በቀኝ ጆሮው ሰክቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሰማል።

«አንዱ ሽ ካለ ሌላውም ሽ ይላል» ነበር የሚለው። «አንዱ ሽ፣ ሌላው ስ ካሉ ተኳርፈዋል ማለት ነው። አስታርቃቸዋለሁ።»

ዘንድሮ ግን እርቅ እምቢ አለ። ዳትሰኗ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሯ እየሠራ ስትቆም፣ መካኒኮቹ ሚኒሞ በሚሉት ላይ፣ ታነክሳለች፤ ትንቀጠቀጣለች፤ አንዳንዴም ትጠፋለች። አባቷ ብልጭታ የሚሰጧትን ካንዴላዎች ቀየረ፣ ገመዶቿን ቀየረ፣ ቱቦዎቹን እየሰካ አዳመጠ። ሁለቱ እኩል ነበሩ። እኩል ሆነው ሳለ ታነክሳለች።

«ጆሮዬን መዋሸት ጀመረች» አለ አንድ ቀን፤ ኮፈኗን ቀስ አድርጎ ከደነ። ልጅቷ እንዲህ ተስፋ ቆርጦ አይታው አታውቅም ነበር። ባለቀለሙን ያስጠራው በማግስቱ ነው።

«አባዬ፣ ትንሽ ብትቆይስ?» አለችው ሰውየው ሲሄድ።

«ምን ልትሆን? እያነከሰች ሰው መንገድ ላይ እስኪስቅባት?»

ልጅቷ መሬት የቀሩትን መፍቻዎች አንሥታ ግድግዳው ላይ ሰቀለች።

ሐሙስ እናትና አባት በዳትሰኗ ወጥተው ሲመለሱ፣ እናት ከመኪናዋ የወረደችው ጠርሙስ ይዛ፣ እየሳቀች ነበር።

«አባትሽን ጠይቂው ይሄ ምን እንደሆነ።»

የሳል ሽሮፕ ነበር።

«ማን አሳለው?»

«ማንም። ወገቤ ዛሬ ሻል ብሎኛል አልኩት። መንገድ ዳር አቁሞ መድኃኒት ቤት ገባ፤ ይሄን ይዞልኝ መጣ።»

«ሳል ነው ያልሽው» አለ አባት ቁልፉን ኪሱ እየከተተ።

«ሻል ነው ያልኩህ፣ አንተ ሰውዬ።»

«እኔ የሰማሁትን አላጣውም።»

«እዚህ መኪና ውስጥ ከገባሁ እኮ ባል የለኝም፤ ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው» አለች እናት ለልጇ። «ቤት ሲገባ ደግሞ ጓዳ ሆኜ በሆዴ ያማሁትን ሁሉ ይሰማል።»

ሦስቱም ሳቁ። ሽሮፑም መደርደሪያ ላይ ወጣ።

ልጅቷ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ናት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የአንድ የጤና መጽሔት ማረሚያ ገጽ ፊቷ ተዘርግቶ ነበር። «ለሁሉም የተሳለ ኑሮ» ይላል ርዕሱ። የምትሠራበት ጠረጴዛ አጠገብ ያለችው ባልደረባዋ አየችውና «ቢላ ነው ኑሮው?» አለች። ልጅቷ ፈገግ ብላ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳች፤ የ«ሳ» አናት ላይ የጎደለችውን ሰረዝ ልትጨምርበት። እጇ አየር ላይ ቀረ።

ሻል። ሳል። ዳትሰኗ መሪዋ በቀኝ ነው፤ እናቷ የምትቀመጠው በግራው በኩል ነው። ጓዳ ስትሆን ግን እሱ የሚቀመጥበት ወንበር ቀኙን ነው ለጓዳው የሚሰጠው። ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የግራ ጆሮው እየከዳው ነው።

የግራው ጆሮ ደግሞ የፊተኛው ካርቡሬተር ነው።

ቀስ ብላ አሰበችው። የፊተኛው በትክክል እየተነፈሰ እሱ ደከም ብሎ ይሰማዋል። ስለዚህ ይከፍትለታል። አሁንም ደከም ይላል፤ አሁንም ይከፍትለታል። ለጆሮው እኩል ሲሆኑ ለሞተሩ እኩል አይደሉም። በየጠዋቱ ሲያስታርቅ የዋለው እያጣላቸው ነው። መኪናዋ ምንም አልሆነችም።

ደስ ሊላት ሲል ደስታዋ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ጆሮ የሚባለውን ሰው፣ ጆሮህ ነው ብሎ የሚነግረው ማን ነው? ወደ ቤት ስትሄድ ዐረፍተ ነገሩን አምስት ዓይነት አድርጋ ሠራችው፤ አምስቱንም ሰረዘችው። ራት ላይ በቀኙ ተቀመጠች፣ በግራው ተቀመጠች፤ እንጀራ ብቻ አቀበለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ ስትገባ ሞተሩ እየሠራ ነበር። ባለቀለሙ ሊመጣ ምንም ያህል አልቀረም። አባቷ መኪናዋን አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ሁለቱን ቱቦዎች ጆሮው ውስጥ ሰክቶ አጎንብሷል። ሞተሯን አውጥቶ ለሚጥል ሰው ሞተሯን ያስተካክላል።

«አባዬ» አለች በግራ በኩል ቆማ።

አልሰማም።

ያኔ አፏ ያልቻለውን እጇ ሠራው። ጠጋ ብላ ሁለቱን ቱቦዎች ከጆሮው ቀስ አድርጋ ነቀለችና አቀያይራ መልሳ ሰካችለት፤ የፊተኛውን በቀኝ፣ የኋለኛውን በግራ።

አባቷ ዐይኑን ገለጠ። ልጁን አያት። መልሶ ሞተሩን አየ። ቱቦዎቹን ራሱ አወጣና እንደ ቀድሞው አደረጋቸው፤ አዳመጠ። እንደገና አቀያየራቸው። ይህን ሲደጋግመው አጠገቡ ቆማ እግሯን ታይ ነበር። ከዚያ እጁን ሰድዶ ሞተሩን አጠፋውና ዳር የተኛ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«እናትሽ ታውቃለች?» አለ።

«የሳሉን ብቻ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ስንት ካንዴላ ቀየርኩባት ያለ ጥፋቷ» አለ፤ ድምፁ ግን የተሰበረ ሰው ድምፅ አልነበረም። የጠፋበትን ያገኘ ሰው ዓይነት ነበር።

«በቀኝህ ብቻ በየተራ ብታዳምጣቸውስ?»

«እሱ የሌላ ሰው ሥራ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው እስኪዞሩ ይረሳል።» ተነሣና ቱቦዎቹን ዘረጋላት። «ነይ እስቲ።»

ሞተሩ ተነሣ። ልጅቷ ቱቦዎቹን ሰክታ አጎነበሰች፤ አባቷ በግራዋ በኩል ካቻቪቴ ይዞ ቀኝ ጆሮውን ወደ አፏ አስጠጋ።

«ፊተኛው ምን ይላል?»

«ሽ።»

«የኋለኛውስ?»

«ስ ዓይነት። ቀጠን ያለ።»

«ቀጠን ያለ ብሎ ነገር የለም። እንደሚለው በይልኝ።»

በሩን አየች። ማንም የለም። «ስስስ» አለች በለሆሳስ።

«እንዲህ ከሆነ የኋለኛው ተኝቷል። ጮክ በይ፣ ልጄ፤ እኔ እኮ ደንቆሮ ነኝ።»

ሁለቱም ሳቃቸው መጣ። የካርቡሬተሩን ብሎን በትንሹ አዞረ፤ እሷ «ሽሽሽ» አለች፣ «ስስስ» አለች፣ እሱ እንደገና አዞረ። እንዲህ ሲሉ እናት መሐረቧን እያሰረች ብቅ አለች።

«ማንን ነው ዝም በል የምትሉት? ሕፃን ታስተኛላችሁ?»

አባት ቀና ብሎ ቀኙን ወደ ሚስቱ አዞረ። «ወገብሽ ሻል ብሎሻል አሉ።»

እናት አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጇን አየች። ከልጇ ጆሮ የተንጠለጠሉትን ቱቦዎችም አየች።

«ሐሙስ የነገርኩህ እኮ ነው» አለች በቀስታ።

«ዛሬ ደረሰኝ።»

እናት አልሳቀችም። መጥታ በቀኙ በኩል ቆመች፤ «ሰኞ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን» ብቻ አለችው፣ እሱም እሺ አለ።

ትንሽ እንደቆየ ልጅቷ እጇን አነሣች። በአንዱ ጆሮዋና በሌላው ጆሮዋ መካከል ልዩነት ጠፋባት፤ ድምፁ ከሁለት ቦታ መምጣቱን ትቶ ራሷ መሀል ላይ አንድ ሆኖ ተቀመጠ። «አባዬ፣ እንዳትነካው» አለች። ግድግዳው ላይ ተሰቅለው በንዝረቱ ሲንጫጩ የነበሩት መፍቻዎች ጸጥ አሉ። ዳትሰኗ ሳትነቃነቅ፣ በጭስ ማውጫዋ ለስለስ ያለ ወፍራም ድምፅ እያወጣች ቆመች።

ባለቀለሙ የደረሰው ያኔ ነው። በሩ ላይ ሲደርስ እርምጃው ቀዘቀዘ።

«ምን አደረጋችኋት?» ጠጋ ብሎ ኮፈኑ ሥር አየ። «ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነችማ ሞተሯንም አልነካ። እንዳለች እወስዳታለሁ።»

ልጅቷ ያልጠበቀችው ይህ ነበር። ሊያፈርሳት የመጣ ሰው ቢሆን መቃወም ይቀላል። አባቷን አየችው።

«እኔን አትጠይቀኝ» አለ አባቷ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ያዳነቻት እሷ ናት። እሷን ጠይቃት።»

ሦስቱም ወደ እሷ ዞሩ።

«አትሸጥም» አለች፤ ሞተሩ ድምፅዋን ዋጠው።

«ምን አለች?» አለ ባለቀለሙ ለአባት።

አባት ሰውየውን አየው። ይህ ሰው አፉ ሰፊ ነው፤ አሁን የሚሰማውን ሳይመሽ የጋራዦቹ መንደር ሁሉ ይሰማዋል። አባት ይህንን ከማንም በላይ ያውቃል።

«እኔ በዚህ በኩል አልሰማም» አለ የግራ ጆሮውን በጣቱ እያመለከተ። «ይኸው ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ያወቅኩት ዛሬ ነው። ልጄ፣ ድገሚለት።»

ልጅቷ ቀና አለች። ሞተሩን አላጠፋችውም።

«አትሸጥም» አለች፤ ጋራዡን ሞላው። «ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው።»

«ጋሼ፣ ቃል ሰጥተውኝ እኮ ነው።»

«ሳልሰማ የሰጠሁት ነው። በእሱ ልትይዘኝ አይገባም።»

ባለቀለሙ ጣሪያዋን አንዴ በመዳፉ ዳሰሰ። «ቀለሟን እንኳ ላድስላችሁ» አለ።

«ቀለሟ ደህና ነው» አለች ልጅቷ። ራሷም ገረማት፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ለማታውቀው ሰው መልስ መስጠቷ። ሰውየው እየሳቀ እጁን አንሥቶ ወጣ።

«በሉ እስቲ ትሞከር» አለች እናት፤ የግራውን በር ከፍታ ቀድማ ተቀመጠች።

«ወንበሩ ሁለት ነው፤ አባዬስ?»

«ሂዱ» አለ አባት። «ውስጥ የተቀመጠ ሰው መኪናውን አይሰማም።»

ልጅቷ መሪውን ያዘች። ከግቢው ወጥታ የመጀመሪያዋን ማርሽ፣ ሁለተኛዋን አስገባች፤ እናቷ አጠገቧ ወንበሩን ወደ ኋላ እየገፋች ስለ ወገቧ ታወራለች። በመስተዋቱ ውስጥ አባቷ መንገዱ መሀል ወጥቶ ቆሞ ነበር፤ እነሱን አያይም፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሯል፣ ቀኝ ጆሮውን ሰጥቷቸዋል። ሦስተኛዋን ሳታስገባ ትንሽ ጠበቀች፤ ነዳጁን ረገጥ አደረገችው፤ ስድስቱም ሲሊንደሮች አንድ ላይ እስኪዘምሩ፣ እሱ ያለበት ድረስ በደንብ እንዲሰማ።