የመጽሐፉ ቀብድ

ልብስ ሰፊዋ ለዓመታት ሆዷ ውስጥ የቋጠረችው አንድ ቂም ነበራት። አንድ ጊዜ የጻፈችውን ልብ ወለድ በፌስታል ይዛ ማተሚያ ቤት ሄዳ ነበር። ባለቤቱ አንዲት ገጽ እንኳ ሳይገልጥ፣

"እስከ ስንተኛ ተማርሽ?" አላት።

"እስከ አራተኛ።"

ሰውየው ሳቁን እያፈነ ፌስታሉን መለሰላት። "እሜቴ፣ ለማሳተም ግማሹ በቅድሚያ ይከፈላል። ደግሞስ ያንቺን መጽሐፍ ማን ይገዛዋል?"

ግትር ናትና መጻፏን አልተወችም። ገንዘብ ግን እጇ ላይ አልበረክት አለ፤ ትንሽ ስታጠራቅም ወይ ኪራይ ይጨምራል፣ ወይ ልጅ ይታመማል። ታላቅ ወንድሟም ባገኛት ቁጥር ይጨቀጭቃታል።

"አንቺ ልጅ፣ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ! የቤተሰቡን ጉድ አደባባይ ልታወጪው ነው?"

"ወንድም ጋሼ፣ ያንተ ጉድማ አንድ መጽሐፍ አይበቃውም።"

አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ጠፋና የስፌት መኪናዋ ቀጥ አለች። ቀሚሳቸውን ሊወስዱ የመጡት ነርሷና ባለዳቦ ቤቷ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ያጉረመርማሉ።

"ነገ ነገ ትያለሽ፤ ያንቺ ነገ መቼ ነው የሚነጋው?" አለች ባለዳቦ ቤቷ።

ልታዘናጋቸው ብላ ረቂቋን ከጨርቅ ክምር ስር መዝዛ ታነብላቸው ጀመር። አንዲት ሙሽራ በሠርጓ ማግስት ባሏ ኪስ ውስጥ የሌላ ቤት ቁልፍ ታገኛለች። ቤቱን ፈልጋ፣ አግኝታ፣ ቁልፉን በሩ ላይ ስትሰካ መብራት መጣ። ልብስ ሰፊዋ ረቂቁን አስቀምጣ ወደ መኪናዋ ዞረች።

"ከዚያስ?" አለች ነርሷ።

"መብራት መጣ እኮ።"

"ድርግም ይበል! ከፈተችው ወይስ አልከፈተችውም?"

"ቀሚሴም ይቅር፣ አንብቢ!" ብላ ጮኸች ባለዳቦ ቤቷ።

ልብስ ሰፊዋ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለላት። እነዚህ ሴቶች ገና መቀስ ላልነካው ጨርቅ ቀብድ ይከፍሏታል። ታዲያ ላልታተመ መጽሐፍስ?

"የቀረውን መጽሐፉ ላይ ታገኙታላችሁ" አለች። "ቀብድ አምጡ!"

ሁለቱም ቦርሳቸውን ከፈቱ። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ሰፈሩን አዳረሰ፤ የሚሰፋ ጨርቅ የሌለው ሁሉ ታሪኩን ሊሰማ ይመጣ ጀመር። ለከፈለው ሁሉ ቁራጭ ጨርቅ ለሁለት ቀድዳ ግማሹን ትሰጠዋለች፤ ግማሹን እሷ ታስቀምጣለች። መጽሐፉ ሲደርስ ገጥሞ መውሰድ ነው። አንድ ቀን ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ሲያደምጥ አገኘችው።

"ቤቱ ውስጥ ማን አለ?" አላት በሹክሹክታ።

"ቀብድ፣ ወንድም ጋሼ!"

እያጉተመተመ ከፈለ።

የማሳተሚያው ግማሽ እንደሞላ ማተሚያ ቤት ከች አለች። ሰውየው ገንዘቡን ሲያይ እጁን ሰደደ፤ እሷ ግን ቦርሳውን አቀፈችው።

"መጀመሪያ አንብብ።"

"ከከፈልሽ እኔ ማንበቤ ምን ያደርግልሻል?"

"ሳታነብ ሰባራ ሳንቲም አልሰጥም።"

በረጅሙ ተንፍሶ አንድ ገጽ ገለጠ፤ ሁለተኛውን ደገመ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። አንድ ሠራተኛ አንገቱን አስግጎ፣ "ቀጥሎ የማንን እናትም?" ሲል ጠየቀ። ሰውየው አልሰማውም፤ ከሙሽራዋ ጋር በሩ ላይ ደርሷል።

"የእኔን!" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ እየዘረገፈች።