ለሆሣዕና የተያዘው ጾም

እኔ የሻሽወርቅ በዕድሜዬ ሐኪም ፊት ጮኼ አላውቅም። ማክሰኞ ግን ጮኽኩ።

ሆሣዕናን ክሊኒክ ይዣት የሄድኩት እኔው ነኝ። ለትምህርት የመጣች ልጅ ናት፤ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው በዚህ የውጭ አገር ሰፈራችን፣ እኔ ያለሁበት ሕንፃ ላይ ሩም ተከራይታ ትኖራለች። ከክረምቱ ወዲህ፣ ለኪራይ ስትል ማታ ዶናት ቤት ከመሥራት በቀር ከአልጋ መነሳት አቃታት። ክላስ ቀረች፤ «ባልኖር ይሻለኛል» እስከማለት ደረሰች። የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን መሪ እኔ አይደለሁ? ወዲያው ለእሷ ጾም አወጅን። ሳይሻላት ሲቀር አራዘምነው። ሲብስባት እንደገና አራዘምነው።

ዶክተሯ የደም ውጤቱን አየችና ኢንፍላሜሽን አለ አለች፤ ሰውነት ከውስጥ ሲቆጣ ማለት ነው። አይረኗም፣ የደሟ ብረት ማለት ነው፣ ወርዷል።

«ምን ትበያለሽ?»

«ማታ ማታ ከሥራ የተረፈ ዶናት። ከኮካ ጋር።»

«ቀን ላይስ?»

«ጾም ነኝ።»

ኧረ በኢየሱስ ስም! ከወንበሬ ተነሳሁ። «ማን ጹሚ አለሽ? የምንጾመው እኛ! ላንቺ!»

አንገቷን ደፋች። «እትዬ የሻሽ፣ እናንተ ለእኔ እየተራባችሁ እኔ እንዴት ልብላ? አፈርኩ።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። እኛ ባራዘምን ቁጥር እሷ ስትራብ፣ እሷ በባሰባት ቁጥር እኛ ስናራዝም! ምን ዓይነት ጉድ ነው? ዶክተሯ፣ ምግብ ብቻውን ዲፕሬሽን አያመጣም፣ ብቻውንም አያድንም፤ ሰውነት ሲጎዳና ሲቆጣ ግን አእምሮም አብሮ ሊታመም ይችላል ብላ አስረዳችን። መድኃኒት ጻፈችላት፤ የምታነጋግራት ባለሙያም በዚያው ሳምንት ቀጠረችላት።

ደጅ እንደወጣን ለፌበን፣ ለቡድናችን ጸሐፊ፣ ኮል አደረግኩ።

«ጾሙ ቆሟል፤ ለሁሉም ንገሪ።»

«እንዴ፣ እስከ እሁድ አልነበር?»

«ቆሟል አልኩሽ!»

ልጅቷን ቤቴ ወስጄ ምስርና ጎመን አቀረብኩላት፤ ዓሣም ጠበስኩ። እጇን አላነሳችም።

«ብዪ እንጂ!»

«እርስዎስ በልተዋል?»

ለካ እኔም ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም! ለሌላው ቆሟል ብዬ የራሴን ረስቼዋለሁ። እጄን ታጠብኩና ትልቅ አድርጌ ጠቅልዬ፣ ዓይኗ እያየ ጎረስኩ። አኝኬ ዋጥኩት።

ያኔ ነው እጇን ወደ ትሪው የሰደደችው።