«ብቻዋን» የሚለው ረድፍ

ቅጹ ሦስት ረድፍ አለው፦ በእጅ ታግዛ፣ በቃል ተነግሯት፣ ብቻዋን። ሰልሰቢል ምሳዋን በበላች ቁጥር ከሦስቱ በአንዱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። በተከታታይ አሥራ አንድ ቀን «ብቻዋን» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌያለሁ።

ሰልሰቢል ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስትወለድ በደረሰባት ጉዳት እጆቿ አይታዘዟትም፤ ምግብም ቶሎ ያንቃታል። እኔ በአርባ አራት ዓመቴ የልዩ ፍላጎት መምህርነት እየተማርኩ ነው፤ የተግባር ልምምዴን የማደርገው ካምፓላ ውስጥ ካንሳንጋ የሚባል ሰፈር ባለ አነስተኛ የሕፃናት ማዕከል ነው። እዚያ አማርኛ የምንሰማው እሷና እኔ ብቻ ስለሆንን ለእኔ ሰጡኝ። በሚቀጥለው ተርም ታላቅ እህቷ ፈርሃና የምትማርበት መደበኛ ትምህርት ቤት እንድትገባ ታስቧል። ትምህርት ቤቱ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ምሳዋን ያለ ሰው እርዳታ ትብላ። ለስልሳ ልጅ አንድ መምህር ነው ያላቸው።

ሐሙስ ዕለት ሰልሰቢል ስትበላ በስልኬ ቀረጽኳት። እናቷ ሙህሲና ደሴ ላሉት አያቷ መላክ ፈልጋ ነበር። ቤቴ ገብቼ ከመላኬ በፊት አየሁት። ግራ እጄ የልጅቱ ክርን ሥር አለ። ማንኪያው ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት።

ባለቤቴን ከማረፉ በፊት ሰባት ወር እንዲህ አድርጌ አብልቼዋለሁ። እጄ እዚያ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

ለትምህርት ቤቱ የሚሄደው ሪፖርት አርብ ይላካል። ቦዳ የሚሉትን የሞተር ብስክሌት ታክሲ ይዤ ኦልድ ካምፓላ፣ ሙህሲና ጨርቅ የምትሸጥበት ሱቅ ሄድኩ።

«እትዬ ገንዘቤ! ነይ ግቢ። እናቴ ‘ቪዲዮው የታለ’ እያለች በጭቅጭቅ ልትገድለኝ ነው።»

ስልኩን ሰጠኋት። «ማሻአላህ!» እያለች አየች።

«እጄን እዪው» አልኳት።

«አየሁት። ታዲያስ?»

«ብቻዋን አይደለም የበላችው፤ እኔ ነኝ የማነሳላት። የጻፍኩት ሁሉ ስህተት ነው።»

ቪዲዮውን እንደገና ከፈተችው። «ይቺን ታህል ነገር እርዳታ ብለሽ ነው? ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«እትዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ጣቃ መሃል ነው የተቀመጠችው። ትምህርት ቤት ከገባች ትለምዳለች፣ ልጆቹም ይለምዷታል። እዚህ ከቀረች ማን ያለምዳታል? አንቺ እንደሆነ ልምምድሽን ጨርሰሽ ትሄጃለሽ።»

ያለችው እውነት ነበር።

«ማንም አጠገቧ ሳይኖር ቢያንቃትስ?» አልኳት።

ስልኩን መለሰችልኝ። «ወልደሽ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አትጨክኚም ነበር።»

ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

አርብ ምሳ ላይ እጆቼን ጠረጴዛው ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። የቀረበው ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ገንፎና ባቄላ ነበር። ሰልሰቢል ጠበቀችኝ። ከዚያ «ነይ እንጂ!» አለችኝ። ሦስት ማንኪያ እንደምንም አፏ ደረሰ፤ ግማሹ ልብሷ ላይ ፈሰሰ። አራተኛው አነቃት። ወደ ፊት አስጎንብሼ ጀርባዋን መታሁ፤ እስኪወጣ ድረስ ፊቷ ጠቆረ። ትንፋሿ ሲመለስ «አኩርፈሽኛል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቅጾቹን ይዤ ወደ ኃላፊዬ ወደ ወይዘሮ ናካይዛ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጡ።

«ይህ ስህተት ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል» አሉኝ። «ግን ከእናትየው በፊት ለእኔ ነበር መንገር ያለብሽ። አሁን በእናትየው ዓይን ልጅቷን ትምህርት ቤት የከለከልሻት አንቺ ብቻ ነሽ፤ ሁለታችን አይደለንም።»

አሥራ አንዱም ቀን ተሰረዘ። የልጅቱ መግቢያ ለሌላ ተርም ተላለፈ።

ሰኞ ሰልሰቢል አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። ረቡዕ ኦልድ ካምፓላ ሄድኩ። ሙህሲና ለአንዲት ሴትዮ ጨርቅ እየለካች ነበር፤ ሰላም ብላትም ቀና ብላ አላየችኝም። ሰልሰቢል ድምፄን ሰምታ ከውስጥ ጠራችኝ።

«ወደ ማዕከሉ ትመለስ» አልኳት እናቷን። «ከመጀመሪያው እንጀምራለን፤ በትክክል።»

«ዛሬ ደንበኛ በዝቶብኛል።»

«ነገስ?»

«ነገም ይበዛብኛል።»

በማግስቱ ስሄድ ሱቁ ውስጥ አንድም ደንበኛ አልነበረም። ሙህሲና አየችኝና የታጠፈ ጨርቅ ዘርግታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።