ምስማር ላይ የቀረው መክፈቻ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባጃጅ ያለው ሁሉ አይናለምን ያውቃታል። የማያውቃት ካለ ባጃጁ የተሰረቀበት ሰው ነው። ባሏ ክንፈሚካኤል በይዶ የሠራውን የመሪ መቆለፊያ የምትሸጠው እሷ ናት። የሱቁ ግድግዳ ላይም በእሱ እጅ በቀይ ቀለም «በእኛ መቆለፊያ ታስሮ ቢሰረቅ እንተካለን» ተብሎ ተጽፏል። ጎጃሜ ደግሞ ብረቱን መትቶ ሳይሆን ቃሉን አምኖ ነው የሚገዛው።

ክንፈሚካኤል ከሦስት ዓመት በፊት ብረት ሊገዛ ቡሬ ሄደ። ሲወጣ የራሱን ባጃጅ ጓሮ አቁሞ፣ በራሱ መቆለፊያ አሰራትና «እስክመጣ ማንም እንዳይነካት፤ አንቺም ብትሆኝ!» ብሎ ሳቀ። በዚያው ሰሞን መንገዱ ተዘጋ። መንገዱስ ተከፈተ፤ እሱ ግን አልመጣም። ቡሬ ድረስ ሄዳ ብትጠይቅ አየሁት የሚልም፣ ሞተ የሚልም አጣች። ትርፍ መክፈቻው ምስማር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። አይናለም አቧራውን ትጠርግለታለች እንጂ አታወርደውም። እሷ ከከፈተችው እሱ የሚመለስበት ነገር የሚቀር አይመስላትም።

ዘንድሮ አዲስ ደንብ መጣ። ለተሽከርካሪ መጠበቂያ ዋስትና የሚሰጥ ሁሉ ይመዝገብ፤ ያልተመዘገበ «እተካለሁ» ብሎ አይሽጥ ተባለ። ደንቡ ደግ ነው፤ ቃል ሰጥቶ የሚሰወር ነጋዴ ሞልቷል። አይናለምን ያስጨነቃት ሌላ ነው።

«እትዬ አይናለም፣ ከሁለት ዓመት በላይ ያገለገለ መቆለፊያ ሲከፈት ማየት አለብኝ» አለች ልትመዘግብ የመጣችው ፍሬሕይወት። «አይቀየሙኝ።»

«የደንበኞቼን አታይም? መንገዱን ሞልተውት የለ!»

«ከሻጩ ቤት ያለ መሆን አለበት። ጓሮ ያለችው ባጃጅ ትበቃለች።»

«እሷ የባለቤቴ ናት። ሲመጣ ራሱ ነው የሚከፍታት።»

ፍሬሕይወት አንገቷን ደፋች። ወሬውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። «እንግዲያው ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ መጥፋቱ ነው» አለች ቀስ ብላ።

አይናለም ግድግዳውን አየች። «እንተካለን» የሚለው ላይ ቀለሙ ወርዶ ተንጠባጥቧል። የጻፈው ቀን ስትስቅበት «ተይው፣ እኔ መሆኔ ይታወቅ» ብሏት ነበር። ወይ ቃሉ ይፋቅ፣ ወይ መቆለፊያው ይከፈት። መክፈቻውን ከምስማሩ አወረደች።

የባጃጇ ጎማዎች ተንፍሰዋል፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ጥላለች። አይናለም መክፈቻውን አስገብታ አዞረችው። መቆለፊያው ግን ትናንት ዘይት የጠጣ ይመስል ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ያስለቀሳትም ይኸው ነው። ዝጎ እምቢ ቢላት በተሻላት።

«እንዴት ያሉ ባለሙያ ናቸው!» አለች ፍሬሕይወት። «ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካት።»

«አዎ፣ ባጃጇስ አለች» አለች አይናለም እንባዋን እየጠረገች። «የተወሰደው ባለቤቷ ነው።»

ፍሬሕይወት መዝገቧን ገለጠች። «ዋስትና ሰጪው ማን ይባል?» አለች።

«ክንፈሚካኤል በይ።»

«እትዬ፣ በአካል የሌለ ሰው አይመዘገብም።»

«እንግዲያስ የኔን ጻፊ። የሱን ቃል እኔ እይዝለታለሁ።»

መዝጋቢዋ ስትሄድ አይናለም ጎማ የሚነፋ ሰው አስጠራች። ጎማዎቹን ሁሉ አስነፋች፣ ወንበሩን ወለወለች፣ ከዚያም ባጃጇን መልሳ ቆለፈቻት። የመጣ ለት ጎማ ሲያስነፋ እንዳይቆም ብላ ነው።