በሞምባሳ የተደበቀ መርዶ

ጉርሙ አሰላ ውስጥ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ባሕር ሳያይ ስለ ባሕር አስተምሯል፤ ማዕበሉን በጠመኔ ስሏል፣ ወደቡን በዱላ ጫፍ አሳይቷል። ተማሪ «ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል እንዴ?» ብሎ ከደፈረው ደግሞ «ፈተና ላይ የሚመጣው ያየሁት ሳይሆን የጻፍኩልህ ነው» እያለ አፍ ያስይዝ ነበር። ሞምባሳ የገባ ዕለት ታዲያ ኮቱን እንደለበሰ፣ የጫማውን ክር እንዳሰረ አሸዋው ላይ ቆሞ ቀረ። ሴት ልጁ ፈናን «አባዬ፣ ኧረ ቢያንስ ኮቱን አውልቅ» ብትለው «ነፋስ አለ፣ ምች ይመታኛል» አላት። በዚያ ሙቀት!

የመጣው ግን ለባሕሩ ብሎ አልነበረም። የመጣው ለሚስቱ ለዋጋዬ ትንፋሽ ነው። ዋጋዬ ሳንባዋን ከታመመች ቆይታለች። አሰላ ላይ ከመኝታ ቤት እስከ ደጅ ለመውጣት መሐል ላይ አረፍ ትላለች፤ ነጠላዋን ለማጣፋት እንኳ ግድግዳ ትደገፋለች። ሐኪሙ ጉርሙን ለብቻው ጠርቶ «ከፍታው ነው የሚያፍናት። ዝቅ ያለ፣ ሞቅ ያለ አገር ይውሰዷት። ከእንግዲህ ወደ ላይ የሚያወጣ መንገድ ከያዘች ግን እኔ ምንም ላደርግላት አልችልም» አለው። ጉርሙ ይህን ለመረዳት ሐኪም አያስፈልገውም ነበር። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየር እንደሚሳሳ ዕድሜውን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ኖሯል። ያን ጊዜ የሚሳሳው የመጽሐፉ አየር ነበር፤ አሁን የገዛ ሚስቱ ትንፋሽ ሆነ።

አዳማ ዘመድ ቤት አስቀምጧት ሞክሮታል፤ ጥቂት ሻል አላት እንጂ ያን ያህል አልሆነም። በኋላ ሞምባሳ አግብታ የምትኖረው ፈናን «እኔ ጋ ኑ፣ እማዬን ከተስማማት በዚያው ትቀራለች» ብላ ወሰደቻቸው። ይህን «በዚያው ትቀራለች» የሚለውን ለዋጋዬ ደፍሮ የነገራት የለም። እሷ የመጣችው ልጇን ጠይቃ ልትመለስ ነው።

ባሕሩም ተስማማት። ትራስ ሳትደራርብ በጀርባዋ ተንጋላ ተኛች። ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባችና «ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ይሄ ሁሉ ውሃ ተኝቶ ቀጂ አጣ?» ብላ ስትስቅ፣ ሳቋን ሳል ሳያቋርጠው እስከ መጨረሻው ሄደ። ጉርሙ ያን ሳቅ ከሰማው ዓመታት አልፈው ነበር። ፊቱን ወደ መርከቦቹ አዞረና መሐረቡን አወጣ።

ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባ ዓሣ ሊያዩ በተዘጋጁበት ጠዋት ነው ስልኩ የጮኸው። የደወለው ይስሃቅ ነበር፣ የኢፍቱ ልጅ፣ ከዲክሲስ። ኢፍቱ የዋጋዬ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ስትሞት ትንሿን ዋጋዬን ጀርባዋ ላይ አዝላ ገብስ እያጨደች ያሳደገቻት።

«ጋሼ፣ ብቻዎን ነዎት?» አለ ይስሃቅ።

ይህን ጥያቄ ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጉርሙ ወደ ጀልባው ሊወስዳቸው ከቆመው ባጃጅ ራቅ አለ።

«እማዬ አረፈች፤ ቀበርናት። ለአክስቴ እንዳይነግሯት። ስትመጡ እኛው እናረዳታለን።»

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በሰው አገር ላለ ሰውማ ጨርሶ አይነገርም። ወገን ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ስትወድቅ የሚደግፏት ሴቶች ከጎኗ ተቀምጠው ነው ሐዘንተኛ የምትረዳው። ጉርሙም ወጉን ሊጠብቅ ተስማማ። ልቡ ግን ሌላ ነገር ያሰላ ነበር፦ ከሰማች ትሄዳለች፣ መሄድ ማለት መውጣት ነው፣ ዲክሲስ ደግሞ በከፍታ ከአሰላም ይብሳል። ስለዚህ ወጉ እስክትመለስ ነበር የሚለው፣ እሱ እስከ ወዲያኛው ሊደብቃት ቆረጠ።

«ማን ነው?» አለችው ዋጋዬ ባጃጁ ውስጥ ሆና።

«የጡረታ ጉዳይ ነው» አላት፤ ዓይን ያወጣ ውሸት።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያ ከኮቱ የማይወጣ ሰው አገር አስጎብኚ ሆነ። ጀልባው ላይ በመስታወቱ ሥር ዓሣ እንደ ጉንዳን ሲርመሰመስ ዋጋዬ እጇን አፏ ላይ ጭና ጮኸች፤ «ፎቶ አንሳኝ፣ ለኢፍቱ ነው» አለችው፤ እሱም «ፈገግ በይ» አላት። ከዚያ በኋላ ለእህቷ ልትደውል ባሰበች ቁጥር «ዲክሲስ ኔትወርክ የለም» ይላታል፤ ዲክሲስ ኔትወርክ መጥፋቱ እንግዳ ነገር ስላልሆነ ታምነዋለች። እንዳይከፋት ደግሞ እጇን ይዞ ይወጣል። በዝሆን ጥርስ አምሳል መንገድ ላይ የቆመውን ቅስት አሳያት፤ ሰውና መኪና አንድ ላይ ጭኖ የሚያሻግረውን ጀልባ አሳፈራት፤ ሰው ተሸክሞ የሚሄድ የሚመስል ግዙፍ ኤሊ ቅጠል አበላች። ያገሩ ሴቶች የሚያገለድሙትን ባለ አበባ ካንጋ አይታ ሁለት አንድ ዓይነት መረጠች። «አንዱ የኔ፣ አንዱ የኢፍቱ። ገበያ ስትወጣ ሰው ይገረምባት!» ጉርሙ ካንጋውን ተቀብሎ ዘንቢሉ ሥር ከተተው።

«አባዬ፣ ስታውቅ ይቅር አትልህም» አለችው ፈናን አንድ ከሰዓት፣ እናቷ አሸዋ ላይ ዛጎል ስትለቅም።

«ትቀየመኝ። ብቻ እየተነፈሰች ትቀየመኝ።»

ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ዙረት ዋጋዬን አበረታት። እግሯ ጠና፣ ጉንጯ ሞላ፣ የልብ ልብ ተሰማት። የጥንቱን የፖርቱጋሎች ምሽግ ሊያዩ የሄዱ ዕለት ያን ደረጃ ማንም ሳይደግፋት፣ አንዴም ሳትቀመጥ ወጣችው። አናቱ ላይ መድፉን ተደግፋ ባሕሩን ስታይ ቆየችና ወደ ባሏ ዞረች።

«ድኛለሁ» አለችው። «አገሬ መልሰኝ።»

«ገና ያላየሽው ስንት አለ! ዶልፊን የሚባል አለ፤ ከሰው ጋር የሚጫወት ዓሣ፤ ነገ...»

«አንተ ሰውዬ፣ ዓሣ አየሁ፣ ኤሊ አየሁ፣ ግንብ አየሁ። አሁን እህቴን ልይ። ስታለቅስብኝ ነው የተለየኋት። በእግሬ ስሄድ ታየኝና ደስ ይበላት።»

ጉርሙ ክው አለ። ሊያስቀራት ብሎ ያዞራት ዙረት እግር ሆናት። ቢነግራት ትሄዳለች፣ ባይነግራትም መሄዷ ነው። ሁለቱንም ሲያገላብጥ አድሮ ማለዳ ላይ አንድ ሐሳብ ያዘ፤ የጨነቀው ሰው የሚይዘው ዓይነት ሐሳብ። ልታያት የምትሄድላት እህት ከሌለች፣ መሄጃ ምክንያቷም የለም። ቀብሩ አልፏል፣ ድንኳኑም ተነስቷል። ይህን ያህል ዕድሜ ልቅሶ ሲደርስ የኖረ ሰው እንዲህ ብሎ ማሰቡ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ፈናንን ከጎኗ አስቀምጦ፣ ባሕሩ ዳር፣ ፀሐይ ስትወጣ ነገራት። የሚያውቃቸው ሰው በሌለበት፣ ግመል የሚያስጋልቡ ልጆች ኮርቻ በሚጭኑበት ሰዓት ነገራት።

ውሃው መጥቶ ተመለሰ።

«መቼ?» አለች ዋጋዬ።

«ጀልባው ላይ ከመውጣታችን በፊት ነው የሰማሁት።»

«ፎቶ ስታነሳኝ ታውቅ ነበር ማለት ነው።»

ጉርሙ አንገቱን ደፋ። ፈናን እናቷን አቅፋ «እማዬ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አለቻት።

«እዚህ? ኢፍቱን የሚያውቃት አንድ ሰው በሌለበት? እህቴን ባዶ ቦታ ላይ አላለቅስላትም። የማለቅስላት ቤቷ ሄጄ ነው።» ከንፈሯን ነክሳ ያን ሁሉ ልቅሶ ወደ ውስጥ ዋጠችው። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይል ነበር፤ ሙሉ፣ ደህና ትንፋሽ።

ያን ጊዜ ጉርሙ የሐኪሙን ቃል አንድም ሳያስቀር ነገራት። ከወጣች እንደማይሆንላት፣ እዚህ እንድትቀር እሱና ፈናን እንደመከሩ፣ ሁሉንም። ለመናት፤ አሸዋው ላይ ተንበርክኮ በዋቃዮ ስም ለመናት።

«ደጇ ሳልደርስ፣ እዚህ ዓሣ እያየሁ ልኑር ነው የምትለኝ?» አለችው። «ተነስ፣ ሱሪህ ረጠበ።»

ጉርሙ ተነሳ።

በኮንትራት መኪና ወደ ዲክሲስ ሲወጡ፣ አዳማ ላይ ዋጋዬ ታወራ ነበር። ለይስሃቅ ምን እንደምትለው፣ ኢፍቱ ላም ስታልብ ምን እያለች ታንጎራጉር እንደነበር ታወራ ነበር። ዴራን ሲያልፉ ወሬዋ አጠረ። ኢተያ ላይ መስኮቱን አስከፈተች። ጎንዴ ላይ መልስ የምትሰጠው በራሷ ንቅናቄ ብቻ ሆነ። ጉርሙ ያን መንገድ የከፍታ ምሳሌ አድርጎ ለተማሪ ስንቴ እንዳስተማረው! አሰላ ደርሰው «ዛሬ እንኳ እዚህ እንደር» ቢላት እጇን ወደ ዲክሲስ ዘረጋች። የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሷል። ገብሱ ዛላ ይዟል፤ ነፋሱ ገና ከሩቁ አጥንት ይሰብራል። ሹፌሩ በመስታወት እያየ «እማማን ብርድ መታቸው መሰለኝ» ብሎ መስኮቱን ዘጋ።

ይስሃቅ ለአክስቱ ብሎ ድንኳኑን እንደገና ተክሎታል። ሐዘንተኛ ከሩቅ ስትመጣ ልቅሶው ከሥሩ ይጀመራል። መኪናው ሲቆም ሴቶቹ በጩኸት ተቀበሏት። ፓስተሩ ሁልጊዜ «ተስፋ እንደሌላቸው አታልቅሱ» ይላሉ፤ ሁልጊዜም ይለቀሳል። ዋጋዬ በሁለት ሰው ተደግፋ ወረደችና ድንኳኑ መሐል ቆመች። ሴቶቹ የእህቷን ቃል ሊሰሙ አንድ ባንድ ዝም አሉ።

አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ደረቷን በእጇ ገፍታ እንደገና ከፈተች፤ የወጣው ጠባብ ሲር ሲር ብቻ ነበር። ያ ከባሕሩ ይዛው የተነሳችው ልቅሶ እዚያው ሆዷ ውስጥ አለ፤ የሚያወጣው ትንፋሽ ግን መንገድ ላይ አልቋል። ሴቶቹ ጠበቁ። የኢፍቱ ጎረቤት ማሚቱ ወደ ጎን ዘንበል ብላ፣ ቀስ ያለች እየመሰላት፣ «ምነው ዝም አለች? ሰው አገር ከርማ ሆዷ ጨከነ እንዴ? አዝላ ላሳደገቻት!» አለች።

ዋጋዬ ሰማቻት፤ ጉርሙም መስማቷን አየ። ከወንዶቹ መቀመጫ ተነስቶ ሴቶቹን እየገፋ ገባና ወገቧን ያዛት። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ሊያናግራት ሲል ኮሌታውን ይዛ ጆሮውን ወደ አፏ ሳበችው።

«አንተ... አልቅስላት» አለችው።

ጉርሙ ጮኸ። ጡረተኛው መምህር፣ ቄንጠኛው፣ ልቅሶ ቤት ጥግ ይዞ አንገቱን ደፍቶ የሚመለሰው ሰው፣ ድንኳኑ መሐል ሚስቱን አቅፎ እንደ ሴት ጮኸ። ዋጋዬ ክንዱ ላይ እየቀለለች፣ ትንፋሿ እያጠረ ሲሄድ በእጁ መዳፍ ይሰማው ነበር፤ ያን እየቆጠረ ጮኸ። ሰዉም ለኢፍቱ የሚያለቅስ መስሎት አብሮት አለቀሰ።